በጊዜ መተኛትና ሆርሞን፦ አዳማ ላይ ስንት ሰዓት ትተኛላችሁ?

ሲስተር አዳማ (ማታ 1፡50)

ሰላም ቤተሰብ። እዚሁ አዳማ የስኳርና የደም ግፊት ክትትል ክፍል ነው የምሠራው። ለክትትል የሚመጣ ሰው ስለ ምግብ ይጠይቀኛል። ጤፍ ይሻላል ገብስ፣ ማር ይቻላል አይቻልም፣ አብሽ ስኳር ያወርዳል ወይ። ስለ እንቅልፍ የሚጠይቀኝ ግን የለም ማለት ይቻላል። እኔ ራሴ «ስንት ሰዓት ይተኛሉ?» ስል ብዙዎቹ ግር ይላቸዋል። እንቅልፍ ከስኳር ጋር ምን አገናኘው?

በደንብ ያገናኘዋል። አንጎላችን ውስጥ ቀንና ሌሊትን የምትለይ ትንሽ ክፍል አለች። ብርሃን በዓይን በኩል ሲደርሳት «ነግቷል»፣ ሲጨልም «መሽቷል» እያለች ለቀረው አካል ትነግራለች። ብዙ ሆርሞኖች (በደም በኩል ለአካላችን መልእክት የሚያደርሱ ንጥረ ነገሮች) የእሷን ሰዓት ጠብቀው ነው ከፍና ዝቅ የሚሉት።

ዘወትር ማታ 4 ሰዓት የሚተኛ ሰው እንውሰድ። 2 ሰዓት ገደማ ሜላቶኒን መነሳት ይጀምራል። ይህ ሆርሞን መሽቷል የሚል መልእክት ነው። እንቅልፍ ከወሰደው ብዙም ሳይቆይ ጥልቁ እንቅልፍ ይመጣል፤ የዕለቱ ትልቁ የእድገት ሆርሞን የሚለቀቀው ያን ጊዜ ነው። «እኔ አድጌ ጨርሻለሁ» እንዳትሉ። አዋቂ ላይ የጡንቻና የአጥንት ጥገናው ከእሱ ጋር የተያያዘ ነው። የሚያነቃን ሆርሞን፣ ኮርቲሶል፣ ደግሞ እኩለ ሌሊት አካባቢ ታች ይወርዳል። ከ8 እና ከ9 ሰዓት ሌሊት ጀምሮ ቀስ እያለ ይወጣና ሰውየው በነቃ በግማሽ ሰዓትና በአርባ አምስት ደቂቃ መካከል ጣሪያው ላይ ይደርሳል። ጠዋት ከአልጋ የሚያነሳን ጉልበት አንዱ እሱ ነው።

አሁን ይሄው ሰው ስልኩን ይዞ እስከ 7 ሰዓት ሌሊት ይቆይ። የስክሪኑና የመብራቱ ብርሃን ሜላቶኒኑን ያዘገየዋል። ጠዋት ግን ሥራ አለ፣ ልጆች አሉ፣ 12 ሰዓት ላይ ከተማው ተነስቷል። እኛ አገር ጠዋቱ እንደሆነ አይንቀሳቀስም። ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙ ሳትርቅ ትወጣለች፣ ጎረቤት በር ይከፍታል፣ ባጃጁ ክላክስ ያደርጋል። ስለዚህ ያመሸ ሰው እንቅልፉ የሚቆረጠው ከጠዋቱ በኩል ነው። ልናስተካክለው የምንችለው ማታውን ብቻ ነው።

እና ልጠይቃችሁ። ስንት ሰዓት ትተኛላችሁ? በጊዜ እንዳትተኙ የሚያደርጋችሁስ ምንድነው?

የባጃጅ ልጅ (ማታ 2፡15)

ሲስተር፣ እኔ ባጃጅ ነው የምሠራው። ገበያው ያለው ማታ ነው። ፍራንኮና መናኸሪያ አካባቢ ሰው እስኪጠፋ እሠራለሁ። ቤት ስገባ 6 ሰዓት ሌሊት ነው። በልቼ 7 ላይ እተኛለሁ፣ ጠዋት 3 ላይ እነሳለሁ። ድምሩ 8 ሰዓት ነው። ሰዓቱ ከሞላ አይበቃም?

ሲስተር አዳማ (ማታ 2፡32)

ወንድሜ፣ ይህን ጥያቄ ስለጠየቅክ ደስ ብሎኛል። መልሱ ለሁሉም ሆርሞን አንድ አይደለም።

የእድገት ሆርሞን በአብዛኛው እንቅልፉን ራሱን ነው የሚከተለው። 4 ላይ ብትተኛም 7 ላይ ብትተኛም፣ ጥልቁ እንቅልፍ ሲመጣ አብሮ ይመጣል። ኮርቲሶልና ሜላቶኒን ግን አንተን አይጠብቁም። የውስጥ ሰዓቱን ነው የሚከተሉት። ስለዚህ የውስጥ ሰዓቱ በጊዜ መተኛትን የለመደ ሰው ድንገት አንድ ቀን 7 ላይ ቢተኛ፣ ትንሽ እንደቆየ ኮርቲሶሉ ወደ ላይ መውጣት ይጀምራል። እንቅልፉም ስስ ይሆናል።

አንተ በየቀኑ 7 ላይ ከሆነ የምትተኛው፣ ሰዓትህ ቀስ በቀስ ወደዚያ ይጠጋል። በዚህ በኩል ከብዙ ሰው ትሻላለህ። የሚጎዳው አንዱን ቀን 4፣ ሌላውን ቀን 8፣ እሁድ ደግሞ እስከ እኩለ ቀን መተኛት ነው። ይሄ ለሰውነት በየሳምንቱ ባንኮክ ደርሶ እንደመመለስ ነው። ስለዚህ የእረፍት ቀንህንም ከዚያ ሰዓት ብዙ አታርቀው። መስኮትህ ላይ ወፍራም መጋረጃ አድርግ፤ ከንጋት እስከ 3 ሰዓት ያለው ብርሃን እንቅልፍህን ይበላዋል።

አንድ ልመና ግን አለኝ። ሌሊት ገብተህ የምትበላው ቀለል ይበል። ሜላቶኒን ከፍ ባለበት ሰዓት ቆሽት ኢንሱሊን (የደም ስኳርን የሚያወርደውን ሆርሞን) የማመንጨት አቅሙ ይቀንሳል። ያው ሽሮ በእንጀራ ምሳ ላይ ሲበላና 6 ሰዓት ሌሊት ሲበላ ደም ውስጥ የሚያወጣው ስኳር እኩል አይደለም። ዋናውን ምግብ ማታ 1 ሰዓት ላይ፣ ሥራው ሳይጦፍ ብትበላ ይሻልሃል።

ማስረጃ የታለ (ማታ 2፡51)

ይቅርታ አድርጉልኝና አሁን አሁን ሁሉም ነገር ሆርሞን ሆኗል። ወፈርን፣ ሆርሞን። ተቆጣን፣ ሆርሞን። ፀጉር ረገፈ፣ ሆርሞን። በቁጥር የተለካ ነገር ካለ አምጡ። ከሌለ ሰው አታስጨንቁ።

መምህር ባዮሎጂ (ማታ 3፡10)

ልክ ነህ፣ ያለ ቁጥር ማውራት አይገባም። የተለካውን ልንገርህ።

ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እነ ኢቭ ቫን ካውተር ለዓመታት ይህን ጉዳይ አጥንተዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ጥናት 11 ጤነኛ ወጣቶች ለ6 ሌሊት አልጋ ላይ በቀን 4 ሰዓት ብቻ እንዲቆዩ ተደረገ። ደማቸው ውስጥ የገባውን ስኳር የማጽዳት ፍጥነታቸው ወደ 40 በመቶ ቀነሰ። ማታ ላይ መውረድ የነበረበት ኮርቲሶላቸው ሳይወርድ ቆየ። በ2004 ደግሞ 12 ወጣቶችን ለሁለት ሌሊት 4 ሰዓት፣ በሌላ ጊዜ ለሁለት ሌሊት 10 ሰዓት አስተኟቸው። እንቅልፍ ባነሰባቸው ጊዜ ጠግቤያለሁ የሚያሰኘው ሌፕቲን በ18 በመቶ ወረደ። ርቦኛል የሚያሰኘው ግሬሊን በ28 በመቶ ወጣ። ያማራቸው ደግሞ ጣፋጭ፣ ጨው የበዛበትና ዳቦ ነክ ምግብ ነበር። በ2011 ለአንድ ሳምንት በቀን 5 ሰዓት ብቻ የተኙ 10 ወጣቶች የቀን ቴስቶስቴሮናቸው (የወንድነት ሆርሞናቸው) ከ10 እስከ 15 በመቶ ቀነሰ። በዕድሜ ምክንያት የሚቀንሰው በዓመት ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው። አስተያየው።

የውስጥ ሰዓቱ ራሱ እንዴት እንደሚሠራ ደግሞ በዝንብ ላይ ጀምረው የደረሱበት ሆል፣ ሮስባሽና ያንግ እ.ኤ.አ. የ2017ን የሕክምና ኖቤል ወስደዋል።

ማስረጃ የታለ (ማታ 3፡22)

መምህር፣ ስለ መልሱ አመሰግናለሁ። ግን 10 እና 12 ሰው ጥቂት ነው። ሁሉም ወንዶች ናቸው። ደግሞ እነሱ የለኩት ትንሽ መተኛትን እንጂ አምሽቶ መተኛትን አይደለም።

መምህር ባዮሎጂ (ማታ 3፡40)

ሦስቱም እውነት ነው። ተማሪዎቼ እንዲህ እንዲያነቡ ነው የምለፋው።

ቁጥሩ ትንሽ የሆነው ሰውን ለቀናት አስቀምጦ ሌት ተቀን ደም መቅዳት ከባድ ስለሆነ ነው። ስለዚህ 18 በመቶ የሚለውን እንደ ድንጋይ ላይ ጽሑፍ አንያዘው። በራስህ ላይ ስንት እንደሚሆን ከዚያ ማወቅ አይቻልም። አቅጣጫው ላይ ግን ጥርጣሬ የለኝም፤ እንቅልፍ ሲያንስ ስኳር የመቆጣጠር አቅም ይቀንሳል።

ማምሸትና ማነስ የተለያዩ ናቸው ያልከውም ትክክል ነው። ሲስተር ከላይ ያለችውን ግን መለስ ብለህ እየው። እኛ ከተማ ትምህርት ቤት 2 ሰዓት ይጀምራል፤ ተማሪው 12 ሰዓት መነሳት አለበት። 7 ላይ ከተኛ 5 ሰዓት ብቻ ነው የሚያገኘው፤ የ2011ዱን ጥናት ቤቱ ቁጭ ብሎ ደገመው ማለት ነው። ለአዋቂ ቢያንስ የ7 ሰዓት እንቅልፍ ነው የሚመከረው።

ላብራቶሪ ክፍል (ማታ 3፡48)

ከእኛ ሥራ አንድ ነገር ልጨምር። ኮርቲሶል ሲታዘዝ ብዙ ጊዜ ጠዋት 2 ሰዓት አካባቢ ነው የምንቀዳው። ሰው «ከሰዓት ብመጣስ?» ይላል። አይሆንም። የጠዋቱና የማታው መደበኛ መጠን ለየብቻ ነው የተቀመጠው። ጠዋት ጤነኛ የሚባል ቁጥር ማታ ቢገኝ በሽታ ሊያስጠረጥር ይችላል። ለዚህ ነው ቱቦው ላይ ስምና የተቀዳበትን ሰዓት የምንጽፈው። ቴስቶስቴሮንም እንዲሁ በጠዋት ነው።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ሌሊት ስትሠሩ አድራችሁ ወይም ለቅሶ ቤት አድራችሁ የምትመጡ ካላችሁ ለሐኪሙም ለእኛም ንገሩ። ሳይተኛ ያደረ ሰው ውጤት ያሳስታል።

ሲስተር አዳማ (ማታ 3፡55)

ላብራቶሪ፣ እጅህን ይባርከው። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም።

ቆርቆሮ ቤት (ማታ 4፡05)

እኔን ሆርሞን አይደለም፣ ሙቀት ነው የሚያስመሸኝ። የተከራየሁት ቤት ኮርኒስ የለውም። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ቆርቆሮው ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ሲተፋው ያመሻል። 5 ሰዓት ላይ ግድግዳውን ስነካው ገና ለብ ያለ ነው። ፍራሹን እገለብጣለሁ፣ ትራሱን እገለብጣለሁ፣ ሁለቱም ሞቀዋል። መስኮት ስከፍት ትንኝ ይገባል። ግቢው ውስጥ ያለን ሁሉ ደጅ ወጥተን እናወራለን፤ ሳይታወቀን 6 ሰዓት ይሆናል። ምን ይደረጋል?

ሲስተር አዳማ (ማታ 4፡20)

ይሄ የአዳማ ሰው ሁሉ ጣጣ ነው። ሰው እንቅልፍ እንዲወስደው የውስጥ ሙቀቱ ትንሽ መውረድ አለበት። ሙቀቱ የሚወጣው በእጅና በእግር ቆዳ በኩል ነው። ክፍሉ ከሞቀ መውጫ ያጣል።

ከመተኛትሽ አንድ ሰዓት ቀደም ብለሽ ለብ ባለ ውኃ ታጠቢ። ቀዝቃዛ ይሻላል ትይ ይሆናል፤ ግን ለብ ያለው ነው ደሙን ወደ ቆዳ አምጥቶ ሙቀት የሚያስወጣው። እግርሽን ብቻ ብትነክሪም ይረዳል። መስኮቱን ክፈችው፤ አጎበር ግን ሳትዘረጊ እንዳትተኚ። አዳማ ላይ ወባ ቀልድ አይደለም። አከራይሽ ፈቃደኛ ከሆኑ ኮርኒስ በማዳበሪያ ጆንያም ቢሆን ማሠራት ለውጥ ያመጣል። ደጅ ማምሸቱ ራሱ ክፉ አይደለም፤ ብርሃኑ ደብዘዝ ያለ ነው፣ ጨዋታም ነው። ወደ ቤት ስትገቢ ያንን ነጭ ትልቅ አምፖል አታብሪው።

ኳስ ነፍሴ (ማታ 4፡31)

ቻምፒየንስ ሊግስ? 5 ሰዓት ነው የሚጀምረው፣ 7 ሰዓት ሊሆን ሲል ነው የሚያልቀው!

መምህር ባዮሎጂ (ማታ 4፡36)

ሁሉንም አትይ። ክለብህ የሚጫወትበትን ቀን እይ፣ በማግስቱ በለመድከው ሰዓት ተነሳ፣ በሚቀጥለው ማታ ቀደም ብለህ ተኛ። ችግር የሚሆነው ማክሰኞና ረቡዕ ኳስ፣ ሐሙስ ተከታታይ ፊልም፣ አርብ ጭፈራ ሲሆን ነው።

የጀበና ወዳጅ (ማታ 4፡40)

እኛ ቤት ቡና የሚፈላው ማታ 1 ሰዓት ላይ፣ ሁሉም ሲገባ ነው። ከእናቴ ጋር ስለምንጠጣው ልተወው አልፈልግም። 4 ላይ አልጋ ውስጥ እገባለሁ፣ እስከ 7 ግን ዓይኔ አይከደንም። የወሊድ መከላከያ ኪኒንም እወስዳለሁ። ይገናኛል?

ሲስተር አዳማ (ማታ 4፡58)

ይገናኛል እህቴ። የጠጣሽው ካፌይን ግማሹ ከደምሽ እስኪወጣ በአማካይ 5 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ማታ 1 ሰዓት የጠጣሽው እኩለ ሌሊት ላይ ግማሹ አለ ማለት ነው። ኢስትሮጅን (የሴት ሆርሞን) ያለበት የወሊድ መከላከያ የሚወስዱ ሴቶች ላይ ደግሞ ይህ ጊዜ እጥፍ ገደማ ሊሆን ይችላል። እርግዝና ላይም በጣም ይረዝማል። ኪኒኑን እንዳታቋርጪ! መቀየር ያለበት የቡናው ሰዓት ነው።

ከእናትሽ ጋር ያለው ጊዜ እንዲቀር አልፈልግም። ቅዳሜና እሁድ ከምሳ በኋላ ይፈላ። በሥራ ቀን ማታ ደግሞ ለአንቺ ጠጅ ሳር ወይም ጦስኝ ይቀዳልሽ፤ አብረሽ ተቀመጪ። የግድ ቡና ካልሽ አቦሉን ለእናትሽ ትተሽ በረካ ላይ ግቢ፣ እሱ ቀጥኗል።

የተፈታኝ አባት (ማታ 5፡02)

ልጄ 12ኛ ክፍል ነው። ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ ያጠናል። ጠዋት ብጠራው አይሰማም። ሰነፍ ሆነ እያልኩ እጣላዋለሁ። ጓደኞቹ ጫት ይዘው እንደሚያጠኑም ሰምቻለሁ፣ ያስፈራኛል።

መምህር ባዮሎጂ (ማታ 5፡15)

ጌታዬ፣ ልጅዎ ሰነፍ አይደለም። በጉርምስና ዕድሜ የሜላቶኒን መነሻ ሰዓት ወደ ኋላ ይዘገያል። እኛ 3 ሰዓት ላይ ስናዛጋ እነሱ ገና ፈክተዋል። የእንቅልፍ ፍላጎታቸው ግን ከእኛ ይበልጣል፤ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ነው። ጉርምስናን የሚያስጀምሩት ሆርሞኖች ራሳቸው መጀመሪያ ጎላ ብለው የሚለቀቁት ሌሊት፣ በእንቅልፍ ውስጥ ነው።

ስለ ጫቱ ቁጭ አድርገው በእርጋታ ያናግሩት። ውስጡ ያለው ካቲኖን አንጎልን በግድ ያነቃል። ያነበቡት እንዲጸና የሚያደርገው ደግሞ እንቅልፍ ነው። ስለዚህ ጫት ይዞ ያደረ ተማሪ ገጹን ቢጨርስም ፈተና ላይ አያገኘውም። ይህን በየዓመቱ ክፍል ውስጥ አያለሁ፣ ያሳዝነኛል።

ልጅዎ 4 ሰዓት ተኩል ላይ መጽሐፉን ይዝጋ፣ 12 ተኩል ይነሳ። ስልኩ ሳሎን ቻርጅ ይደረግ፣ የእርስዎም አብሮ። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት በእግሩ ይሂድ። የጠዋት ፀሐይ የማታውን እንቅልፍ ቀደም ብሎ እንዲመጣ ትጎትተዋለች።

ጋሽ ጡረታ (ማግስት፣ ጠዋት 12፡10)

እንደምን አደራችሁ ልጆች። እኔ የእናንተ ተቃራኒ ነኝ። ማታ 3 ሰዓት ሳይሞላ እተኛለሁ፣ 9 ሰዓት ሌሊት ዓይኔ ይፈጣል። እስከ ኪዳን ድረስ ተጋድሜ ሰዓት እቆጥራለሁ። ልጆቼ የእንቅልፍ ኪኒን ይታዘዝልህ ይላሉ።

ሲስተር አዳማ (ጠዋት 1፡05)

እንደምን አደሩ አባባ። ዕድሜ ሲገፋ የውስጥ ሰዓት ወደፊት ይቀድማል፤ ቶሎ ያስተኛል፣ ቶሎ ያነቃል። በራሱ በሽታ አይደለም። ከሰዓት በኋላ 10 እና 11 ሰዓት ላይ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወጣ ብለው ይራመዱ፣ ማታ ደግሞ እስከ 4 ሰዓት ለመቆየት ይሞክሩ። ኪኒን የመጨረሻው ነው፤ በእርስዎ ዕድሜ ሌሊት ሲነሱ አስቶ ሊጥል ይችላል።

ግን አንድ ነገር ይንገሩኝ። የሚነቁት ዝም ብለው ነው ወይስ ለሽንት?

ጋሽ ጡረታ (ጠዋት 1፡20)

ለሽንት ነው ልጄ። ሁለቴ ሦስቴ እነሳለሁ።

ሲስተር አዳማ (ጠዋት 1፡31)

እንግዲያው ምርመራ ያስፈልግዎታል አባባ። ሌሊት ሽንት እንዲቀንስ የሚያደርግ ሆርሞን አለ፤ በዕድሜ ይደክማል። ያ ሊሆን ይችላል። ግን ስኳርም፣ ፕሮስቴትም እንዲሁ ያስነሳሉ። በዚህ ሳምንት አቅራቢያዎ ያለ ጤና ጣቢያ ሄደው ስኳርዎን ይለኩ። ውጤቱን እዚህ ይጻፉልኝ፣ እጠብቃለሁ።

ሌሎቻችሁም፣ በእንቅልፍ ውስጥ ኃይለኛ ማንኮራፋት ካለ፣ ትንፋሽ ቆም እያለ የሚቀጥል ከሆነ፣ ቀን ቁጭ ባላችሁበት የሚያስተኛችሁ ከሆነ፣ በጊዜ መተኛት ብቻውን አያድናችሁም። ሐኪም ይያችሁ። «ሆርሞኔ ተዛብቷል» ብሎ ከገበያ መድኃኒት መግዛትም ይቅር።

አራስ ቤት (ጠዋት 2፡15)

የሦስት ወር ልጅ አለኝ። በጊዜ ተኙ ስትሉ አነበብኩና አለቀስኩ። ማን ያስተኛኛል?

ሲስተር አዳማ (ጠዋት 2፡24)

አይዞሽ የኔ እህት፣ ይህ ክር አንቺን ለማስጨነቅ አይደለም። የአራስ ሌሊት የራሱ ሥርዓት አለው። ወተት የሚያመነጨው ፕሮላክቲን ሌሊት ላይ ከፍ ስለሚል የሌሊት ማጥባት ወተትሽን ያበረታዋል። የሌሊት ጡት ወተት ውስጥ ደግሞ ሜላቶኒን አለ፤ የራሱን ሰዓት ገና ላልሠራ ሕፃን ከእናቱ ይደርሰዋል። ስታጠቢ ትልቁን መብራት አታብሪ፣ ስልክ አትክፈቺ። እሱ ቀን ሲተኛ አንቺም ተኚ፤ ልብሱ ይቆይ። ባለቤትሽ ወይም እናትሽ ከማታ 2 ሰዓት እስከ 5 ሕፃኑን ይያዙልሽ። ያ የመጀመሪያው ጥልቅ እንቅልፍ ሳይቆራረጥ ቢያገኝሽ ትልቅ ነገር ነው። ልብሽ በጣም ከከፋው፣ ለቅሶው ካልቆመ፣ ለክትባት ስትመጪ ንገሪን።

ሌሊት ገቢ (ጠዋት 3፡40)

አሁን ነው ከፋብሪካ የገባሁት። ልብስ ስፌት ነው። ሺፍታችን በየሳምንቱ ይቀያየራል። አንድ ክፍል ለአራት ነው የተከራየነው፣ የሁላችንም ሺፍት ይለያያል። የወር አበባዬም ሰዓቱን መጠበቅ ትቷል። ሥራውን መተው አልችልም።

ሲስተር አዳማ (ጠዋት 4፡02)

እህቴ፣ ሥራሽን ተይ የሚልሽ የለም። የሌሊት ሥራ ከባድ መሆኑን ግን አልደብቅሽም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል እ.ኤ.አ. በ2007 የውስጥ ሰዓትን የሚያዛባ የፈረቃ ሥራን ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ከሚባሉት ተርታ አስገብቶታል፣ በ2019ም የሌሊት ሥራን በዚያው አጽንቶታል። የወር አበባ መዛባትም የሌሊት ሠራተኞች ላይ ይበዛል። ቢሆንም ሌላ ምክንያት እንዳይኖር ታዪ፤ እርግዝናና የእንቅርት ምርመራ ይቅደም።

ከቻላችሁ ተሰብስባችሁ አለቃችሁን ጠይቁ። ፈረቃው ከጠዋት ወደ ከሰዓት፣ ከከሰዓት ወደ ሌሊት ቢዞር ሰውነት ይቀለዋል። ከሌሊት ወደ ኋላ ሲዞር ነው የሚብሰው። ስትወጪ ጠዋት ፀሐይዋን በባርኔጣ ወይም በጥቁር መነጽር ተከላከዪ። ቁርስሽ ቀላል ይሁን። ሻይሽን ከሌሊት 8 ሰዓት በኋላ አትጠጪ።

የመናኸሪያዋ (ጠዋት 4፡30)

እኔም እንደዚያ ኖሬያለሁ። አልጋሽን ወደ ጥግ አስጠጊና ከቆርቆሮው ማገር ላይ ገመድ ወጥረሽ ወፍራም ጥቁር ጨርቅ ጋርጂበት። የመጋረጃ ቁራጭ ገበያ ላይ በርካሽ ይገኛል። በር ላይ የሁላችሁንም ሺፍት ጻፉ። የተኛ ካለ ስልክ ደጅ ይነሳል፣ ሽንኩርትም ደጅ ይከተፋል ብላችሁ ተስማሙ።

ሌሊት ገቢ (ጠዋት 4፡38)

የሺፍቱን ወረቀት ዛሬውኑ እጽፋለሁ። ጨርቁን ቅዳሜ። አሁን ልተኛ፣ ስነሳ ስለ እንቅርቱ ምርመራ እጠይቅሻለሁ ሲስተር።